ሱሉልታ ላይ የበላነውና የደፋነው

ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሱሉልታ ሜዳ ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ የ12 ሊትር ባልዲ ክዳን ከፈትኩ። የወጣው ሽታ የምስር ወጥ ሳይሆን የጠላ ጥንስስ ነበር። ላዩ ላይ አረፋ ተኮፍሷል፤ ጭልፋ ባስገባሁበት ጊዜም እንደ ሊጥ እፍ አለ። ከኋላዬ 13 ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል፤ 4ቱ ሕፃናት ናቸው። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ባልዲውን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና ወጡን ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት።

በ25 ደቂቃ ውስጥ እራት ቀረበ። ወጡ ለምን እንደተበላሸና እራቱ ለምን እንዳልቀረ የሚያስረዳው አንድ ነገር ስለሆነ ታሪኩን ከመጀመሪያው ልያዘው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ሠርተን በኋላ የተበታተንን ሰዎች ነን፤ የሚያገናኘን በየወሩ የሚወጣ እቁብ ነው። ጥቅምት ላይ ከመካከላችን አንዷ ቤተሰብ ይዘን ከከተማ ወጥተን ሁለት ሌሊት እንደር የሚል ሐሳብ አመጣች። ቤቱ በስልክ ተገኘ። አከራዩ ባለ ሁለት ማብሰያ የጋዝ ምድጃ፣ የከሰል ምድጃ፣ ደጅ ላይ የእሳት ቦታና «መብራት ካለ» የሚሠራ ማቀዝቀዣ እንዳለ ነገረን። «መብራት ካለ» የምትለዋን ቃል እንደ ማስጠንቀቂያ ወሰድኳት፤ አልተሳሳትኩም።

ምግቡን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምግብ ማብሰል ስለምወድ ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት ስለ ሌላው ሰው አዘገጃጀት ብዙ ተናግሬ ስለነበር ነው።

የተጓዦቹ ዝርዝር ራሱ የምግብ ዝርዝሩን ግማሽ ጻፈው። ከ10 ዐዋቂዎች ሁለቱ ረቡዕና ዓርብን ጠበቅ አድርገው ይጾማሉ፤ አንዱ ጨጓራው በርበሬ አይወድለትም። ባልና ሚስት ከልጃቸው ጋር ሙስሊሞች ናቸው። ልጆቹ ቀይ ወጥ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ቀኑን ስንመርጥ ከኅዳር 15 በፊት እንዲሆን ያደረግነው የነቢያት ጾም ከዚያ ቀን ስለሚጀምር ነው፤ አንድ ሳምንት ብንዘገይ ዶሮውም ቅቤውም ከዝርዝሩ ይወጣ ነበር። አሁን የጾም ቀን የምትሆነው የመድረሻችን ዓርብ ብቻ ናት።

ወንዶቹ «በግ ገዝተን እዚያው እንረዳለን» ብለው ነበር። ይህ ሐሳብ በየጉዞው ይነሣል፤ በየጉዞው ደግሞ ሲወራ እንጂ ሲሠራ አያምርም። ዓርብ አይበላም። ቅዳሜ ከታረደ እስኪገፈፍና እስኪከፋፈል ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ አርደን እንብላ ያሉት ሰዎች እሳት ዳር ሲቀመጡ ጨጓራና አንጀት የሚያጥቡት ሴቶቹ ይሆናሉ። ሦስቱ ጓደኞቻችን ደግሞ ከዚያ ሥጋ አይቀምሱም። ሐሳቡን ስቃወም የተሰጠኝ መልስ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» የሚል ነበር፤ ይህም በአማርኛ «ከተበላሸ ያንተ ጥፋት ነው» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። በእያንዳንዱ ምግብ ፊት የጻፍኩት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ጊዜውን የሚበላው የቱ ክፍሉ ነው? ዶሮ ወጥ ላይ ሰዓቱን የሚወስደው ዶሮዋ ሳትሆን ሽንኩርቱ ነው። ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ክኩም እንደዚሁ። ሽንኩርት ተከትፎ፣ ያለ ዘይት በዝግታ ውኃውን ጨርሶ፣ ከዚያ ከዘይትና ከበርበሬ ጋር እስኪዋሃድ ድረስ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው ወጥን ከባድ ሥራ ያደረገው። ቁሌት ያለው ሰው ሽሮ በ20 ደቂቃ ያደርሳል። ስለዚህ ወጥ ሠርቼ ከመሄድ ይልቅ ቁሌት ሠርቼ ልሂድ ብዬ ወሰንኩ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ለሽርሽር ነው ወይስ ለዘመቻ?» አለችኝ። ዘመቻ በሚለው ቃል አልተቀየምኩም። ጭኮው፣ በሶው፣ ቋንጣው፣ ድርቆሹ ድሮም የመንገደኛ ስንቅ ናቸው፤ እኛ ከተሜዎቹ ረስተናቸው በፕላስቲክ የታሸገ ብስኩት እንይዛለን እንጂ።

ቋንጣው ከጉዞው 10 ቀን በፊት በቤታችን በረንዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የኅዳር አየር ደረቅ ስለሆነ ለዚህ የተመቸ ነው። እናቴ ሰኞ ዕለት ስልጆውን ጀመረች፤ የባቄላ ዱቄት፣ የሱፍ ውኃና ሰናፍጭ ያለበት ይህ ምግብ ቀን ሲጨምር ነው የሚጣፍጠው። የተረፈ እንጀራ በፀሐይ አድርቀን አንድ ከረጢት ድርቆሽ አዘጋጀን፤ ከረጢቱ ላይም ስሙን ጻፍኩበት።

ረቡዕ ማታ 8 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ለመክተፍ አራት ሰዎች ቤቴ መጡ። ዓይናችን እስኪጠፋ አለቀስን። ሽንኩርቱ በሁለት ትልልቅ ድስቶች ተከፍሎ ሲቁላላ አራት ሰዓት ያህል ወሰደ፤ በመጨረሻም ከግማሽ በታች ሆነ። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ሲሶውን ቀንሼ እርድ ጨመርኩበት፤ ይህ ለልጆቹና ለጨጓራው ሰው ነው። የቀረው በበርበሬ በሰለ፤ በዘይት ብቻ። ቅቤ አንድ ጠብታ እንኳ ከገባበት ዓርብ ማታ አይበላምና ቅቤውን ለየብቻ ይዘን ለመሄድ ተስማማን። ሙስሊሟ ጓደኛችንም ከከታፊዎቹ አንዷ ነበረች። የራሷን ድስት ይዛ መጥታ ድርሻዋን ወሰደች፤ ዶሮዋን ቤቷ አሳርዳ በዚያው ቁሌት ልትሠራ ነው። «ቁሌት ሃይማኖት የለውም፤ ሃይማኖት የሚመጣው ከሥጋው ጋር ነው» አለች፤ ድስቷን በጨርቅ እያሰረች። በብዙ የጋራ ግብዣ ላይ ለሙስሊም እንግዳ ሰላጣና ፍራፍሬ ቀርቦለት ሲቀመጥ አይቻለሁ። እሷ ግን የወጡን መሠረት አብራን ስለሠራች በገበታው ላይ እንግዳ አልነበረችም።

ሐሙስ ሁለት ዶሮዎች በሎሚና በጨው ታጥበው፣ እያንዳንዳቸው እንደ ወጉ በ12 ብልት ተከፍለው በቁሌቱ ላይ በሰሉ። ከዚያ ድስት የሚበላው 11 ሰው ስለሆነ 24 ብልት ለሁሉም ሁለት ሁለት ደርሶ ሁለት ይተርፋል። ጥሬ ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ እስከ ቅዳሜ ማታ ስለማይቆይ፣ የበሰለውን ወጥ አቀዝቅዤ በጠንካራ ከረጢቶች ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጌ በረዶ ቤት አስገባሁት። እንቁላሉን ሆን ብዬ ተውኩት፤ የተቀቀለ እንቁላል በረዶ ውስጥ ሲገባ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። በመንገድ ላይ የምግብ ሣጥኑን የሚያቀዘቅዘው በረዶም ወጡ ራሱ ሆነ። ከዕቅዱ ሁሉ በጣም የኮራሁበት ይህ ነው፤ ስለዚህም ይሆናል ሌላው ላይ የዘነጋሁት።

በዚያው ሐሙስ ማታ ለዓርብ እራት ሁለት የጾም ወጥ አብስዬ ነበር፤ የምስር ወጥና የክክ አልጫ። አዎ፣ ከራሴ ውሳኔ ውጪ ነበር። ስንደርስ ደክሞን ይሆናል፣ ሙቅ አድርገን እንበላለን ብዬ ነው። ክኩን በሁለት ሰፊ ትሪዎች ዘርግቼ ሲቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ አስገባሁ። ለምስሩ ትሪ አልቀረኝም፤ ሰዓቱም ከምሽቱ 4 ሆኗል። እየፈላ ወደ ባልዲው ገለበጥኩት፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፣ ወለሉ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ጠዋት ባልዲውን ስነካው ለብ ያለ ነበር። «ጥሩ፣ ሙቀቱን ይዟል» ብዬ ተደሰትኩ።

ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ከአዲሱ ገበያ ተነሣን። ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ሲደርስ አንድ የአዋዜ ብልቃጥ ተከፈተና የአንዱን ሹራብ ለዘላለም አቀላው። ከእንጦጦ ጀርባ ወርደን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንደርስ ገበሬዎቹ ሣር አጭደው ይከምራሉ፤ ወሩ የድርቆሽ ወር ነው። ከልጆቹ አንዷ የእኔን ከረጢት አንብባ «ይሄ ለላሞቹ ነው?» አለች። እሑድ ጠዋት ራሷ በላችው።

ማታ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ባልዲውን ደፍቼ ስመለስ የዘይቱን ቁሌት አውጥቼ አንዱ ማብሰያ ላይ ጣድኩ፤ ውኃ ጨምሬ ሲንተከተክ ምጥን ሽሮ በተንኩበት። ሁለተኛው ማብሰያ ላይ ክኩ ይሞቃል። ጎመኑ፣ አዚፋውና ስልጆው ቀዝቃዛ የሚበሉ ናቸው። ምስር እንደነበረ ያወቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ለሌሎቹ በማግስቱ ነገርኳቸው።

ከመካከላችን አንዱ ያን ማታ «ደህና አድርገህ አፍላው፣ ይሞታል» ብሎኝ ነበር። አለመስማማቴ አሁንም ልክ ይመስለኛል። ማፍላት አብዛኛውን ጀርም ይገድላል፤ አንዳንዶቹ ትተውት የሚሄዱትን መርዝ ግን አያጠፋም። ደግሞም የተበላሸበት ምክንያት ግልጽ ነው። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከ5 ዲግሪ በላይ ሆኖ ረጅም ሰዓት ከቆየ ጀርም የሚራባበት ምቹ ቤት ይሆናል። በምግብ ንጽሕና ሥራ ላይ በሰፊው የሚታወቀው ልክ ትኩሱ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ ከዚያ በ4 ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ነው። 12 ሊትር ወፍራም ወጥ ክዳኑ ተዘግቶ በዚህ ፍጥነት ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያድራል። ክኩና ምስሩ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ኩሽና፣ በአንድ ሰው እጅ ነው የተሠሩት። አንዱ ትሪ ላይ ተዘረጋ፣ ሌላው ባልዲ ውስጥ ታፈነ። ጠዋት ላይ ያስደሰተኝ ለብታ ነው ወጡን የገደለው።

ቅዳሜ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ከጎረቤት ገበሬ ወተት ገዝተን አፈላን፤ ቂንጬውን በንጥር ቅቤ በላን። ለተራራው ጉዞ የተያዘው ጭኮ፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ቆሎ ነበር። ስለዚህ ምሳ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከጭኮው ትንሽ ቁራሽ የበላ ሰው ሌላ ነገር አልፈለገም፤ ድንቹ ተመልሶ መጣ።

የማታው ንፍሮ ግን ብዙ ያስብላል። እሳት ዳር ተቀምጠን እንድንቆረጥም አንድ ኪሎ ስንዴና ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ይዤ ነበር። መዘፍዘፉን ረሳሁትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውኃ ውስጥ ገባ፤ 12 ሰዓት ላይ ተጣደ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሽምብራው ጥርስ ይሰብር ነበር። በእሳቱ ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ አንድ ምክንያት ሰጠ፤ ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይፈላል እንጂ አያበስልም። ነገሩ በመሠረቱ እውነት ነው፤ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰዎች ነን፤ ቤታችንም ቢሆን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ 91 ቢሆን ነው። የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሦስት ሰዓት ተኩል አይበላም። የበላው ሌላ ነው፤ ቤታችን ሽምብራ የምንቀቅለው አዳሩን ዘፍዝፈን፣ በግፊት ድስት ነው፤ በዚያ ውስጥ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ የነበረን ክዳኑ የማይገጥም ድስት፣ ነፋስ የሚገባበት ጉልቻና እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ንፍሮ ቤት ተቀቅሎ፣ ውኃው ጠፍፎ መሄድ የነበረበት ምግብ ነው፤ ጊዜ የሚበላውን ክፍል አስቀድመህ ጨርስ ያልኩትን ደንብ የጣስኩት እኔው ነኝ። አንድ ሰው ግን አሁንም «ከፍታው ነው» ይላል።

ደግነቱ ዶሮው ነበር። በረዶው ቀስ ብሎ ሟሙቶ ማታ ሲደርስ ገና ቀዝቃዛ ነው። ንጥር ቅቤውን ጨምረን በደንብ አፈላነው፤ በዚያው ሰዓት እንቁላሉ ተቀቅሎ ተላጠ፤ መከለሻው መጨረሻ ላይ ገባ። የጓደኛችን ዶሮ በራሷ ድስትና በራሷ ጭልፋ ከጎኑ ተጥዷል። ሁለቱ ድስቶች አንድ ዓይነት ሸተቱ፤ የአንድ ሌሊት ሽንኩርት ናቸውና። እንጀራው በብርዱ ጠንከር ብሎ ስለነበር ጥቂት ጥቂት እያደረግን በሚንተከተከው ድስት ክዳን ላይ እያለሰለስን አቀረብነው።

እንጀራውን ሳዝዝ በአንድ ገበታ ለዐዋቂ ሁለት፣ ለልጅ አንድ ብዬ 24 ቆጠርኩ፤ ለሦስት ገበታ 72 ይሆናል፤ 70 አዘዝኩ። ድምሩ ተስማማ፤ ክፍፍሉ ግን ጨርሶ አልተስማማም። ዓርብ ማታ በመንገድ ላይ ቆሎ ሲበላ የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ላይ 19 ብቻ በላ። ቅዳሜ ማታ ከተራራ የወረደው ያው ሰው 31 ጨረሰ። እሑድ ምሳ 11 ሄደ፤ 9 ተረፈ። ብርድና እግር ጉዞ የሰውን ሆድ ምን ያህል እንደሚለውጡት በወረቀት ላይ አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ ማታ ከድርሻው በሰባት እንጀራ በልጦ የተበላውን ያካካሰው ዓርብና እሑድ ጥቂት መብላታችን ነው።

እሑድ ቁርስ ድርቆሹ በሁለት ድስት ተፈረፈረ፤ አንዱ በቋንጣ፣ ሌላው ያለ ሥጋ በንጥር ቅቤ። ሥጋ የሌለውን ለሦስቱ ሰዎች ነበር የሠራነው፤ ግማሹን ሌሎቻችን በላንባቸውና ቆሎ ከፍለን ታረቅን። ለምሳ ከአልጫው ቁሌት የቀረውን ቲማቲም ጨምረንበት ለልጆቹ የፓስታ ስጎ አደረግነው። ዐዋቂዎቹም ከልጆቹ ሳህን ሲሰርቁ አይቻለሁ። የጋዙ ሲሊንደር ያለቀው ፓስታው ውኃው ሊጠፈፍ ሲል ነበር፤ ይህን ያህል ዕድለኛ መሆን ዕቅድ አይባልም።

በሚኒባሱ ስንመለስ ሒሳቡን አደረግን። የተደፋው 12 ሊትር ምስር፣ ግማሽ ጥሬ የሆነ ንፍሮና የተወሰነ ድንች ነው። ሦስቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው ማለት አልችልም፤ ድንቹ የመጣው ከመስገብገብ ነው። ከቁሌቱ ግን አንድ ማንኪያ አልተረፈም። ከፋሲካ በኋላ ወደ መናገሻ ጫካ አካባቢ ለመውጣት ስንስማማ በዝርዝሩ ላይ የለወጥኩት ጥቂት ነው። ሽንኩርቱ 10 ኪሎ ሆነ፤ ንፍሮው ቤት ይቀቀላል፤ የመድረሻው ማታ ወጥ ተሠርቶ አይሄድም፣ ሽሮ ነው። ሦስት ሰፋፊ ትሪዎችም ገዛሁ።

ባልዲውን እናቴ ወሰደችው። ጓሮ ጎመን ታጠጣበታለች፤ በሄድኩ ቁጥር ደግሞ ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች።